ጨርቅ በእጅ፣ ጨርቅ በትከሻ

ጡረታ በወጣሁ ቀን የሱፐርማርኬታችን ሠራተኞች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቬንቲሌተር ደርድረው ጠበቁኝ። አንዱ ራስጌ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ፣ አንዱ እግር ያለው መካከለኛ፣ አንዱ ደግሞ ውሃ የሚሞላበት፣ ኮሞዲኖ የሚያህል። "የሁላችንም ስጦታ ነው፤ የወደዱትን ይምረጡ" አለኝ ሥራ አስኪያጃችን ናሆም። ናሆም ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ነው። በድሬዳዋ ከተማ እርስዎ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው፤ እዚህ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ይባባላል፣ ማንም አይቀየምም።

አንድ ጊዜ ቃኘኋቸውና የመካከለኛውን ራስ ነካሁ። ይኼኔ ናሆም ከሸሚዝ ኪሱ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ዘረጋትና ለሁሉም አሳየ። "መካከለኛውን ይወስዳሉ" ትላለች። ጠዋት ነው የጻፋት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ሦስት ነገር ጎን ለጎን ከተቀመጠ የሰው እጅ ወደ መሃሉ እንደሚሄድ እነዚህን ልጆች ያስተማርኳቸው እኔው ራሴ ነኛ።

ሳቄ ያለቀው ቤት ስደርስ ነው። ሳቢያን ሠፈር ያለው ቤቴ ጠባብ ነው፤ መኝታ ክፍሌ አልጋና አንድ ሳጥን ከያዘ በኋላ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ሙሉ ስመኝ የኖርኩት ራስጌዬ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቬንቲሌተር ነበር። ትንሿ ደግሞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቴ ነበረች። ባለ እግሩን በር ላይ ብሞክረው በሩ አልዘጋ አለ፤ መስኮት ሥር ባደርገው ገመዱ አልደርስ አለ። በመጨረሻ ሳሎን ጥግ አቆምኩት። እዚያ ቆሞ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ያበርዳል። እኔ ደግሞ ተጋድሜ፣ ታዲያ ያን ዕለት የመረጠው ማን ነው እያልኩ አስባለሁ። ናሆም እንዳይባል አፉን አልከፈተም። እኔ እንዳልል የምፈልገው ሌላ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ይኼ ነው፤ ሰው የመረጠ መስሎት እኔ የፈለግሁትን እንዲያነሳ ማድረግ። አሁን በራሴ ላይ ሲደረግ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ላውጋው። ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። ባይገባኝም ጊዜ አለኝ፣ ጡረተኛ ነኝ።

ስሜ ወይንሸት ነው፣ በሠፈር ወይኒ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከደጋ መጥቶ ድሬ ቀረ፣ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ትምህርቴን ስጨርስ ቢሮ ልግባ ብዬ ብዙ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ማንም አልመለሰልኝም። መጋላ ገበያ አንድ ጨርቅ ቤት ሰው ይፈለጋል ሲባል ለሁለት ሳምንት ብዬ ገባሁ። አዴ ሂንዳ ዘንድ። አዴ በእኛ ከተማ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ለመርካንቲ የሚሆን ዓረብኛ የምትናገር፣ ቁመቷ ከባንኮኒው ብዙም የማይበልጥ፣ ቁጣዋን ድምፅ ሳታሰማ የምትቆጣ ነጋዴ ነበረች። ለሁለት ሳምንት የገባሁት ሴትዮ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቆየሁ።

የመጀመሪያ ቀን መቀስ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ስታየኝ አንስታ ከኋላዋ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። "ናያ ወይኒ፣ መቀስ ስታይ ሰው ይፈራል። ቆራጭ ቤት የገባች ይመስላታል" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀስ የሚወጣው ሜትሩ ከተለካ በኋላ ነው። ከእሷ የተማርኩት በሙሉ እንዲህ ያለ ነበር፤ ትንሽ፣ ምንም የማይመስል፣ ሠርቶ ሲታይ ግን የሚያስደንቅ። ጣቃ ስትዘረጋ ከሦስት በላይ አትዘረጋም፤ አራተኛ የምትጠይቅ ካለች ከሦስቱ አንዱን ጠቅልላ ታነሳና ነው። መጀመሪያ የምታወርደው ብልጭልጩን፣ የማይገዛውን ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ልከኛ ይመስላል። ባል አብሮ ከመጣ በርጩማውን በር አጠገብ፣ ንፋስ በሚገባበት በኩል ታደርግለታለች፤ የተቀመጠ ባል አይቸኩልም። ቀለም የምትጠራጠር ካለች ጨርቁን እስከ ደጃፍ ወስዳ ፀሐይ ታሳያታለች፣ የድሬ ፀሐይ ምን እንደማታሳምር አላውቅም። ደግሞ "ልቁረጥልሽ?" ብላ አትጠይቅም። "ሦስት ሜትር ይበቃሻል ወይስ አራት?" ነው የምትለው። ገዢዋም ሦስት ወይስ አራት እያለች ስታስብ፣ ልግዛ አልግዛ የሚለውን ሳታነሳው ታልፈዋለች።

ከሁሉም በላይ ግን ዝምታዋ ነው። ጨርቁን በሁለት እጇ መዳፍ ላይ አድርጋ ለገዢዋ ታቀብላታለች፤ ሴትዮዋ ተቀብላ ስትይዘው አዴ ሂንዳ ፊቷን ወደ መንገድ ታዞርና ሙስበሃዋን፣ የዱዓ መቁጠሪያዋን፣ መቁጠር ትጀምራለች። አታይም፣ አትናገርም፣ አታመሰግንም። ሴትዮዋ ጨርቁን ትደባብሳለች፣ ታሸዋለች፣ ትለቀዋለች፣ መልሳ ትይዘዋለች። አንዳንዷ ብዙ ቆይታ አስቀምጣው ትሄዳለች። አዴ ሂንዳ ያኔም "ሐዬ፣ በሰላም" ብቻ ነው፤ ሐዬ እሺ እንደ ማለት ነው።

እኔ ወጣት ነበርኩና ዝምታው ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ገዢ መስታወት ፊት ስትቆም ጨርቁን ከኋላዋ መጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። ጨርቅ ትከሻ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል፤ ፊት ይበራል፣ አንገት ይረዝማል። ሴትዮዋ ገዛችው። እኔ ምስጋና ስጠብቅ አዴ ሂንዳ ገዢዋ እስክትወጣ ታገሰችና "ሁለተኛ እንዳትደግሚው" አለችኝ።

"ለምን? ሸጥኩት አይደል?"

"በእጇ የያዘችውን መልሳ ታስቀምጣለች። ትከሻዋ ላይ ከጫንሽው ግን ራሷን እንደ ማራቆት ነው፣ እንዴት ታወርደዋለች? ሰው አብሯት ካለ ደግሞ ጭራሽ። በእጅ ስጪ፣ ወላሂ በትከሻ እንዳላይሽ።"

ያኔ አልገባኝም። ሦስት ጣቃ ብቻ ማውጣትም፣ ሦስት ወይስ አራት ማለትም፣ ባልን ንፋስ ላይ ማስቀመጥም ሰው መግፋት ነው። ድንበሩን ከእጅና ከትከሻ መካከል ያሰመረችው ለምንድነው? አሁንም ቢሆን አጥርቼ ገብቶኛል አልልም። ብቻ ሕጓ ይኼ ነበር፣ እኔም ጠበቅሁት። አንድ ቀን ሲቀር።

ያን ቀን አዴ ሂንዳ ሁርሶ ዘመድ ሞቶባት ሄዳ ሱቁ በእጄ ነበር። መደርደሪያው ላይ ዓመት ያለፈው አንድ ጣቃ ነበረን፤ ወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ወርቃማ ክር የገባበት፣ ዋጋው የሌላውን ሁለት እጥፍ የሆነ፣ ከባድ የሙሽራ ጨርቅ። ሰው ሁሉ ያደንቀዋል፣ ማንም አይገዛውም። አዴ ሂንዳ እንኳን አልሸጠችውም። እሷ ስትመለስ ጣቃው ተሽጦ ብታገኘው ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ትርፉ የእኔ አልነበረም። እንድትደነቅልኝ ብቻ ነው የፈለግሁት።

ከረፋዱ ላይ ከቢዮ አዋሌ እናትና ልጅ መጡ። እናትየዋን አዴ ዘሃራን አውቃታለሁ፣ የቆየች ደንበኛ ናት፤ በየዓመቱ ለዒድ ትመጣለች። ልጅቷ ነጃት ልትዳር ነው። ሁለት ጨርቅ ሊገዙ ነው የመጡት፤ አንድ ለሙሽራዋ፣ አንድ ለሙሽራዋ እናት። የሙሽራ እናት በልጇ ሠርግ አዲስ ለብሳ እንግዳ ፊት ትወጣለች፤ ይኼ የታወቀ ነው፣ ድሃም ሀብታምም ያደርገዋል። አዴ ዘሃራ ለሁለት የሚሆን ገንዘብ ይዛ፣ ለሁለት የሚሆን አስባ ነው የመጣችው። ገና ከመግባቷ ለራሷ አንድ ቅጠልያ አረንጓዴ አየችና "ይኼን ስጪኝ" አለች። በእጇ ሰጠኋት። ደስ አላት። ለልጇ ስንመርጥም አረንጓዴውን አልለቀቀችውም፣ እንዳቀፈችው ነበር።

ለነጃት ሁለት ልከኛ ጨርቅ አወረድኩ። አንዱን ወዳው ነበር፣ ሐምራዊውን። ያን ጊዜ "ሦስት ሜትር ወይስ አራት?" ብዬ ብቆርጥላት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቃል። እኔ ግን ወይን ጠጁን አወረድኩና፣ ልጅቷ መስታወት ፊት እንደቆመች፣ ከኋላ መጥቼ ትከሻዋ ላይ ለቀቅሁት። ከዚያ ፊቴን ወደ ልጅቷ አላዞርኩም። ወደ እናትየዋ ነው ያየሁት። "አዴ ዘሃራ፣ እያት" አልኳት።

አየቻት። ልጅቷ መስታወቱ ውስጥ እናቷን ታያለች፣ እናትየዋ ልጅቷን ታያለች። እኔ እንደ አዴ ሂንዳ ፊቴን ወደ መንገድ አዞርኩ፤ የእሷን ዝምታ ሰርቄ ተጠቀምኩበት። ዞር ስል ግን በዓይኔ ጠርዝ አንድ ነገር አየሁ። አዴ ዘሃራ አረንጓዴውን ከእቅፏ አውጥታ፣ ጫፉን አስተካክላ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ "አራት ሜትር ቁረጪላት" አለችኝ።

አየሁ አይደል? አይቻለሁ። "ያኛውስ?" ማለት እችል ነበር። መቀሱን ከሚስማሩ አወረድኩ።

በማግስቱ አዴ ሂንዳ ስትመለስ ባዶውን ቦታ አሳየኋት፤ የቀረው ቁራጭ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለማን እንደሸጥኩት ስነግራት "አዴ ዘሃራስ ለራሷ ምን ወሰደች?" አለች። ምንም፣ አልኩ። ትንሽ አሰበችና "ልጅቷ በእጇ ነው የያዘችው?" አለችኝ። ዋሽቼ አዎ ማለት ይቻል ነበር፤ እሷን መዋሸት ግን አልችልም። በትከሻዋ፣ አልኳት። ሙስበሃዋ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ምንም አላለችም፣ እኔም አለፈ ብዬ ተረጋጋሁ።

ሠርጉ ላይ ተጠርታ ሄዳ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ገና ከመቀመጧ "የሙሽራዋ እናት ማድቤት ነበረች" አለችኝ። "ከጠዋት ጀምራ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ነይ ውጪ ብለው ጠሯት፤ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው አለች። እኔ ገብቼ አየኋት። የለበሰችው ከዓመታት በፊት ለዒድ የገዛችውን፣ ክርኑ የሳሳውን ነው። ወላሂ አንዴ እንኳን ለእንግዳ አልወጣችም።" ከዚያ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን መስታወት ፊቱን አዞረችው። ሳምንት ሙሉ የሱቁ መስታወት ግድግዳ ሲያይ ሰነበተ። ገዢ መጥቶ "ምን ሆነ?" ሲል እኔ ነበርኩ የምመልሰው፤ እሷ ሙስበሃዋን ትቆጥር ነበር። ያን ሳምንት የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም አልረሳሁትም።

አዴ ሂንዳ ስታርፍ ልጆቿ ሱቁን ለሌላ ሰው አከራዩት፣ እኔም ሳቢያን አዲስ በተከፈተው ሱፐርማርኬት ተቀጠርኩ። የቅጥር ደብዳቤዬ "የመደርደሪያ ሠራተኛ" ይላል፣ ደመወዙም እንደ ስሙ ነበር። እዚያ ጣቃ የለም፣ ሙስበሃ የለም፤ ሳሙናና ፓስታና ዘይት ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ያው ሥራ መሆኑ ገባኝ። ልጅ ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ብስኩት አስቀምጪ፣ እናቱን እሱ ይጨርስልሻል። ዘንቢሉን አስፊው፣ ባዶ ቦታ ያስቀይማል። የዘይቱን ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ጎን ለጎን አድርጊ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ናሆም መጣ። አዲስ አበባ ሥልጠና ወስዶ ነበርና ሰብስቦን ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ አስተማረን። "ለስላሳ ግፊት ይባላል፤ ደንበኛው ሳይገደድ፣ መገፋቱንም ሳያውቅ እንዲመርጥ የሚደረግበት ዘዴ ነው" አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አዴ ሂንዳን ነው የሰማኋት። ብልጭልጩን መጀመሪያ አሳዩ አለ፣ እሷ ናት። አይግዙ ወይም ይግዙ አትበሉ፣ ስንት ይሁን በሉ አለ፣ እሷ ናት። መጨረሻ ላይ እጄን አንሥቼ "ስለ ትከሻስ ምን ይላል?" ብዬ ጠየቅሁት። "የምን ትከሻ?" አለኝ። ምንም፣ አልኩት። ከሥልጠናው በኋላ ግን አስጠርቶ ሲያነጋግረኝ ዋለና አዲስ ሠራተኞችን እንዳሠለጥን አደረገኝ። ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለች።

አንድ ጊዜ ያን ዕለት ከመኪና የወረደ የዱቄት ሳሙና መደርደሪያ ላይ ስደረድር፣ ናሆም "የሳቢያን እናቶች የሚመርጡት" የሚል ካርቶን ሰጥቶኝ ሰቀልኩት። ማንም ገና አልነካውም። በሁለተኛው ሳምንት ግን እውነትም ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ሆነ። ስሰቅለው ውሸት ነበር፣ ሳወርደው እውነት ነበር፤ ታዲያ ዋሽቻለሁ ወይስ አልዋሸሁም? ናሆምን ብጠይቀው "እርስዎ ደግሞ ይጨነቃሉ" ብሎ ሳቀብኝ።

ሌላ ጊዜ በራሴ ሐሳብ የለስላሳ መጠጡን ወደ ላይ ሰቅዬ ውሃውን በልጆች ዓይን ልክ አወረድኩት። ወር ሳይሞላ አንዲት እናት "አቦ ወይኒ፣ ልጄ እዚህ ሲገባ ውሃ ጠያቂ ሆነልኝ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ያንን ልጅ አሰብኩት፤ እኔ ነኝ የመረጥኩለት፣ እሱ አላወቀም። ለመልካም ሲሆን ትከሻ ላይ መጫን ይፈቀዳል ማለት ነው? አዴ ሂንዳ ብትኖር እጠይቃት ነበር። ምናልባት "ሐዬ" ብላ ሙስበሃዋን ትቆጥር ነበር።

ጡረታዬ ሁለት ዓመት ሲቀረው አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ገንዘብ መክፈያው ዘንድ ቆማ "አንቺ የአዴ ሂንዳ ልጅ አይደለሽም?" አለችኝ። ነጃት ናት። አዋቂ ሆናለች፣ ድሬ ነው የምትኖረው። አቅፋ ሳመችኝ። "የሠርጌን ጨርቅ ከአንቺ ነው የገዛነው፤ እስከ ዛሬ እንደ እሱ የሚያምር አልለበስኩም። እናቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳየዋለች። እኔ ነኝ የመረጥኩላት፣ እሷማ ሐምራዊውን ልትወስድ ነበር ትላለች" አለችኝ።

እኔ ነኝ የመረጥኩላት። ሥራዬ እንዲያ ሠምሮ አያውቅም። አዴ ዘሃራ የወሰድኩባትን ነገር የራሷ አድርጋ ትኮራበታለች። ብነግራት ኩራቷን መንጠቅ ነው፤ ባልነግራት ደግሞ ትከሻዋ ላይ እንደጫንኩት መተው ነው። ነጃትን "እናትሽን ሰላም በይልኝ" ብዬ ዘንቢሏን እስከ ባጃጁ ያዝኩላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ቆየሁ፤ ሥራ አለብኝ እላለሁ።

አሁን ሥራ የለብኝም። ሳሎን ጥግ የቆመውን ቬንቲሌተር አንድ ሳምንት ካየሁት በኋላ፣ በማለዳ ተነሥቼ ወደ ቢዮ አዋሌ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። አዴ ዘሃራ፣ ያን ቀን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጅሽ ትከሻ ላይ የጫንኩት አንቺ እንዳታወርጂው ብዬ ነው፤ ይቅር በይኝ። እንዲህ ልላት ነበር።

ቤቷን ሰው አሳየኝ። አርጅታለች፣ ዓይኗ ግን ደህና ነው። ማንነቴን ስነግራት ብዙም አልገረማትም። "ኢንተላ፣ ግቢ" አለችኝ፣ ልጄ እንደ ማለት ነው፤ ስድሳ የሞላኝን ሴትዮ። የግመል ወተት ቀዳችልኝ። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዴ ሂንዳም፣ ጀነት ትግባ፣ ተጨዋወትን። የተለማመድኩትን ልጀምር አፌን ስከፍት እሷ ተነሣችና "ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" ብላ ሳጥኗን ከፈተች።

ወይን ጠጁ ነው። ክሩ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ያው ነው። በእጄ ትሰጠኛለች ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ዞራ ከኋላዬ መጣችና ትከሻዬ ላይ ለቀቀችው።

ክብደቱን ረስቼው ነበር። አዴ ዘሃራ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ፊቷ ላይ ያለውን መለየት አልቻልኩም።

"ማውረድ ያስቸግራል፣ አይደል?" አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲገፋ አያውቅም ብዬ ነው የሠራሁት። "አውቀሽ ነበር?" አልኳት።

"አቦ፣ ጨርቅ ስንገዛ ነው የኖርነው። አዴ ሂንዳ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። አንቺ ስታደርጊ አየሁሽ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"አንቺ ጫንሽው። እኔ አላወረድኩትም" አለች። "ልጄን አየኋት። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር። እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ሌላ ማን አለ?"

እፎይ ልበል ወይስ ልፈር አላወቅሁም። ካወቀችው፣ ካየችው፣ ካልከለከለችኝ የእሷ ምርጫ ነው ማለት ነው። እኔም እኮ መካከለኛውን ትቼ ትንሿን ማንሣት እችል ነበር፤ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው እጄን አልያዘኝም። እንዲህ እያልኩ ልቤ ቀለል ሊል ሲጀምር፣ ማድቤቱ ትዝ አለኝ።

"አዴ ዘሃራ፣ ሠርጉ ቀን ማድቤት ነበርሽ አሉ።"

"ሠርግ ነዋ፤ ሥራ ነበረ" አለች ቶሎ ብላ። "አውርጂውና እጠፊልኝ። የአንቺ እጥፍ ያምራል።"

አወረድኩት። ምንጣፉ ላይ ዘርግቼ አዴ ሂንዳ እንዳስተማረችኝ ጫፉን ከጫፉ አገናኝቼ፣ ወርቃማው ክር ወደ ውስጥ እንዲሆን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት፤ ክሩ ወደ ውጪ ከሆነ ይላጣል። ከዚያ በሁለት መዳፌ ላይ አድርጌ አቀረብኩላትና ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ደጅ ፍየሎች ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። ቆየች። ከዚያ እጇ መጣ፣ ጨርቁን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ጫፉን በአውራ ጣቷ ደባበሰችው።

"አረንጓዴውስ?" አለችኝ ቀስ ብላ፣ ቀና ሳትል። "እሱን ማን ወሰደው?"

የወይን ጠጁን እያንዳንዱን እጥፋት ይዤ ነው የኖርኩት። ስለ አረንጓዴው አሰብኩ፤ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጠው ድረስ አስታወስኩት፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ማን እንደገዛው፣ ማን እንደለበሰው፣ መቼ ከመደርደሪያው እንደጠፋ።

"አላውቅም" አልኳት።